ፈርናንዶ ፊጌሬዶ፦ የኩባ አማፂ ኮሎኔል በፍሎሪዳ እንዴት ከንቲባ ሆነ?

ሰነድ ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኩባን የነጻነት ትግል የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፈርናንዶ ፊጌሬዶ ሶካራስ በአንድ በኩል የአሥር ዓመቱ ጦርነት (1868–1878) ኮሎኔል ነው። በማርች 1878 በኩባ ባራጓ ላይ ጄኔራሉ አንቶኒዮ ማሴዮ ጦርነቱን ያቆመውን የሳንሆን ስምምነት አልቀበልም ሲል አብሮት ነበር። በሌላ በኩል የፍሎሪዳ ምክር ቤት አባል፣ የሞንሮ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የበላይ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም በ1895 የዌስት ታምፓ የመጀመሪያው ከንቲባ ሆኗል።

አንደኛ፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ የፍሎሪዳ ደሴት ኪ ዌስት የደረሰ ስደተኛ በ1884 ለምክር ቤቱ እንዴት ተመረጠ? ዜግነት አይጠየቅም ነበር? ሁለተኛ፣ በአሜሪካ ሹመት ላይ ተቀምጦ በስፔን ላይ ጦርነት ማደራጀት ወንጀል አልነበረም? ሦስተኛ፣ የአካባቢው ሥልጣን ለነጻነቱ በእርግጥ ምን ጠቀመ? አራተኛ፣ የ1895ቱ የአመፅ ትእዛዝ በሲጋር ተጠቅልሎ ተላከ የሚባለውስ?

የባሕር በር፦
ሌላው ሁሉ ከመጀመሪያው ጥያቄህ ጋር ስለሚያያዝ ከእሱ ልነሣ። በዚያ ዘመን ፍሎሪዳ ውስጥ ድምፅ ለመስጠት ዜጋ መሆን ግዴታ አልነበረም። በ1868ቱ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት መሠረት 21 ዓመት የሞላው ወንድ በፍሎሪዳ አንድ ዓመት፣ በካውንቲው ደግሞ ስድስት ወር ከኖረ፣ በዚያ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ ልሆን አስቤአለሁ» ብሎ ቃሉን በሕጉ መሠረት ካስመዘገበ መራጭ ነው። ሙሉ ዜግነቱ ግን የአምስት ዓመት ኑሮ ይጠይቃል፤ ቃሉን ካስመዘገበ በኋላም ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት አለበት። ኩባውያን በሰፊው የተጠቀሙት በዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ትናንት ከጀልባ የወረደ ሲጋር ጠቅላይ በዓመቱ የምርጫ ሰልፍ ላይ ይቆማል።

ኪ ዌስትን እንደ ትንሽ ደሴት ብቻ አትያት። በ1880 ሕዝቧ 9,890 ነበር፤ በ1890 18,080 ደርሶ ከፍሎሪዳ ከተሞች ትልቋ ሆነች። የኩባውያኑ ድምፅ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ከፊጌሬዶ በፊት ታይቷል። በ1875 የከተማዋ ከንቲባ ሆኖ የተመረጠው ካርሎስ ማኑኤል ዴ ሴስፔዴስ ኢ ሴስፔዴስ ነው፤ የአሥር ዓመቱን ጦርነት የቀሰቀሰው የሴስፔዴስ ልጅ። አባትየው በስፔን ወታደሮች ከተገደለ ገና ዓመቱ ነበር።

ፓርቲን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኩባውያኑ የማንም ፓርቲ ንብረት አልነበሩም። መጀመሪያ ከሪፐብሊካኖች ጋር ቆሙ። የፕሬዚዳንት ግራንት መንግሥት ለኩባ አማፅያን የተዋጊነት ዕውቅና አልሰጥም ሲል በ1870ዎቹ አጋማሽ ከፊላቸው ወደ ዴሞክራቶች ዞረ። በ1876 ፍሎሪዳ ላይ የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ከአንድ ሺህ በታች በሆነ ድምፅ ነው የተለየው፤ እንግዲህ በዚህ ሚዛን ላይ አንድ ፋብሪካ ሙሉ መራጭ ምን እንደሚያወጣ አስቡት። ጉልበታቸው መዞር መቻላቸው ላይ ነበር።

ለምን ፊጌሬዶ? እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ጦርነቱ ሲጀመር ኒው ዮርክ ግዛት ትሮይ ከተማ በሬንሴለር ተቋም ምሕንድስና ይማር ነበር። የአባትየው ሴስፔዴስ የቅርብ ጸሐፊም ነበረ፤ ከባራጓ በኋላ የቆመው ጊዜያዊ መንግሥት ጸሐፊም እሱ ነው። ከ1882 እስከ 1885 ደግሞ በኪ ዌስት ስለ ጦርነቱ ተከታታይ ንግግር አደረገ፤ በኋላ በ1902 በመጽሐፍ ወጣ። መራጩ እጩውን በጦር ሜዳ ዝናው ያውቀዋል፤ የግዛቲቱ ዋና ከተማ ታላሃሲ ሲደርስ ደግሞ አስተርጓሚ አያሻውም። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሰው ጥቂት ነበር።

በሩ ኋላ ተዘጋ፤ ይህንንም አትርሳ። በ1889 የመምረጫ የነፍስ ወከፍ ግብር መጣ፤ በ1894 ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ድምፅ የዜጎች ብቻ ሆነ።

የሕግ ዓይን፦
ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ቁም ነገሩ ወንጀሉ የት ላይ እንደሚጀምር ማወቅ ነው።

የ1818ቱ የገለልተኝነት ሕግ የሚከለክለው ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ ሰላም ባላት አገር ላይ ወታደራዊ ዘመቻ ማዘጋጀትን ነው። ቅጣቱ እስከ 3,000 ዶላርና እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይደርሳል። ነገር ግን ስብሰባ መጥራት፣ መዋጮ መሰብሰብ፣ በስፔን ላይ መጻፍ፣ ጠመንጃ ገዝቶ እንደ ንግድ ዕቃ መላክ ወንጀል አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ተሳፍሮ ሄዶ ቢዋጋም እንደዚያው። ሰው፣ መሣሪያና መርከብ በአንድ አዛዥ ሥር ሲገናኙ ነው ዘመቻ የሚባለው። ስለዚህ ከንቲባ ሆኖ የኩባ አብዮታዊ ፓርቲ ገንዘብ ሰብሳቢ መሆን በሕግ ዓይን ነውር የለበትም።

የአሠራሩ ዘዴ በሙሉ የተቀዳው ከዚሁ ትርጉም ነው። መሣሪያው በአንድ መርከብ እንደ ጭነት ይወጣል፤ ሰዎቹ በሌላ ጀልባ እንደ ሠራተኛ ወይም ተጓዥ ይወጣሉ፤ የሚገናኙት ከባሕር ዳርቻው ሦስት ማይል ካለፉ በኋላ ነው። ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም። በ1896 የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዊቦርግ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ባሕር ላይ ለመገናኘት አስቀድሞ ከታቀደ ክፍሎቹ ተለያይተው ቢነሡም ዘመቻው አንድ ነው።

ምን ይበላሻል ብትል በፍሎሪዳ ወደብ በፈርናንዲና የሆነውን ተመልከት። በ1895 መጀመሪያ ላጎንዳ፣ አማዲስና ባራኮአ የተባሉ ሦስት መርከቦች ለኩባ ዘመቻ ተዘጋጅተው ነበር። ምስጢሩ አፈተለከ፤ የአሜሪካ ባለሥልጣናት በጃንዋሪ መሣሪያውን ያዙ። ለዓመታት በሳንቲም የተጠራቀመ ገንዘብ በቀናት ውስጥ አደጋ ላይ ወደቀ። ኋላ ጠበቃው ሆራሺዮ ሩበንስ መሣሪያውን አስመለሰ፤ የተከራከረበትም መንገድ ዕቃው የግል ንብረትና የንግድ ጭነት ነው የሚል ነው። ከላይ ያልኩት ልዩነት ፍሬ ያፈራው እዚህ ላይ ነው።

አሁን አካባቢያዊ ሥልጣን የት እንደሚገባ እንይ። መርከብ የሚይዘው የጉምሩክ ሹም፣ የፌዴራል ማርሻልና የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ነው። ከንቲባ አንዲት ጀልባ የማስለቀቅ ሥልጣን የለውም። ይሁን እንጂ የጉምሩክ ሹመት በፓርቲ ውለታ ነው የሚታደለው፤ ፓርቲው ደግሞ ድምፅ ይፈልጋል። በፍርድ ቤት የሚቀመጡት የሕዝብ ዳኞችም የዚያው አካባቢ ሰዎች ናቸው፤ ለኩባ ዘመቻ አድራጊዎች ርኅራኄ ነበራቸው። በ1884 ኩባዊው አማፂ ካርሎስ አጉዌሮ ከኪ ዌስት ተነሥቶ ኩባ መግባት የቻለው ዓይኑን የሚጨፍን ሹም ባለበት አካባቢ ስለሆነ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፦ የነገሩን መጠን ለማየት ኩባዊ ያልሆነውን ናፖሊዮን ብሮዋርድን ተመልከቱ። «ስሪ ፍሬንድስ» በተባለችው ጎታች ጀልባው መሣሪያ ወደ ኩባ ሲያመላልስ የነበረ የጃክሰንቪል ሰው ነው፤ ከ1905 እስከ 1909 የፍሎሪዳ ገዥ ሆነ። ሕግ መጣሱ በምርጫ አልጎዳውም።

ሳንቲም በሳንቲም፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ የገንዘቡ ነገር ግን ተዘለለ። ፊጌሬዶን ያለ ሲጋር ፋብሪካ መረዳት አይቻልም።

ፋብሪካዎቹ ፍሎሪዳ የመጡት በቀረጥ ምክንያት ነው። አሜሪካ ያለቀለት ሲጋር ላይ ከባድ ቀረጥ ስትጥል ቅጠሉ ላይ ያነሰ ነበር። ስለዚህ የሃቫናን ቅጠል አስገብቶ ፍሎሪዳ ውስጥ መጠቅለል ያዋጣል። ቪሴንቴ ማርቲኔስ ኢቦር በ1869 ፋብሪካውን ከሃቫና ወደ ኪ ዌስት ያዛወረው የጦርነቱ ስደትና ይህ ስሌት ተደምረው ነው። ከዚያም ከ1885 ጀምሮ ታምፓ አጠገብ ኢቦር ሲቲን መሠረተ።

ጠቅላዮቹ በቁጥር ልክ ነው የሚከፈላቸው፤ እጃቸው ሥራ ላይ ሳለ ጆሯቸው ነጻ ነው። ሌክቶር የሚባለው አንባቢ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያነብላቸዋል። ደመወዙን የሚያዋጡት ሠራተኞቹ ስለሆኑ የሚነበበውንም የሚመርጡት እነሱ ናቸው። የኪ ዌስት ትልቁ መሪ ሆሴ ዶሎሬስ ፖዮ ሌክቶር ነበር፤ ከ1878 ጀምሮ ደግሞ «ኤል ያራ» የተባለውን ጋዜጣ አዘጋጀ። ጠዋት የሚታተመው ጠዋቱኑ ይነበባል፤ ማንበብና መጻፍ የማይችለውም ይሰማል። መራጩንም አዋጪውንም የሚያነቃቃው ይኸው መድረክ ነው።

መዋጮው እንዴት እንደሚሄድ ልንገርህ። ከ1892 ጀምሮ የኩባ አብዮታዊ ፓርቲ አለ። መሠረታዊ ደንቡ በኪ ዌስት ጃንዋሪ 5 ጸደቀ፤ ፓርቲው ኤፕሪል 10 ታወጀ። ከታች ክለቦች አሉ፤ አባላት በየፋብሪካውና በየሰፈሩ ተሰባስበው ያቋቋሟቸው ናቸው። የክለቦቹ ሊቀ መናብርት በየከተማው አንድ የምክር አካል ይመሠርታሉ። ከላይ በየዓመቱ የሚመረጡ ሁለት ሰዎች አሉ፦ ልዑኩ (ማለትም የፓርቲው መሪ) ሆሴ ማርቲና ገንዘብ ያዡ ቤንሃሚን ጌራ። «የአገር ቀን» የሚባል የአንድ ቀን ደመወዝ መዋጮም ነበር። በመሃል ቢሮ ያለመብዛቱ ጥቅም ነበረው፤ ገንዘቡን የሚሰበስበው ሰው ከአዋጪው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ስለሚሠራ የበላ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ድክመቱም እዚያው ነው። ሁሉም በሳምንት ደመወዝ ላይ የቆመ ስለሆነ ፋብሪካው ሲዘጋ አብዮቱም ይራባል። በ1886 ኪ ዌስትን የበላው እሳት የኩባውያንን ሳን ካርሎስ ተቋምና ፋብሪካዎችን አቃጥሎ ሠራተኛውን ወደ ታምፓ በተነው። የ1893 የኢኮኖሚ ድቀት እንደገና መታው። በዚህ ላይ በሠራተኛው መካከል ያለው ክርክር አለ፤ አናርኪስቶቹ «መዋጮው ለአድማ ይዋል፣ የኩባ ባለ ሀብት ከስፔኑ በምን ይሻላል?» ይሉ ነበር። እውነት ለመናገር ጥያቄው ተራ አልነበረም፤ የፋብሪካው ባለቤትና አድመኛው በአንድ ክለብ ሲቀመጡ መሪው የቱን ይደግፋል? ማርቲ ከ1891 ወዲህ ያገኘው ትልቁ ውጤት ይህን ቁርሾ ማብረዱ ይመስለኛል።

ሰነድ ፈላጊ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ታዲያ ኪ ዌስት ላይ እንዲህ ከተደላደሉ ፊጌሬዶ ለምን ወደ ዌስት ታምፓ ሄደ? ከንቲባነቱስ ለማዕረግ ነው ወይስ ሥራ ነበረው?

የባሕር በር፦
መደላደሉ ተሰብሮ ነዋ። ምክንያቱ የሳይደንበርግ ፋብሪካ አድማ ነው።

በ1893 መጨረሻ ኩባውያን ሠራተኞች ከስፔናውያን ቅጥር ጋር በተያያዘ አደሙ። የከተማዋና የካውንቲው ሹማምንትና ነጋዴዎች ፋብሪካው እንዳይሄድባቸው ፈርተው ራሳቸው ሃቫና ድረስ ተሻግረው ስፔናውያን ሠራተኞችን አመጡ። ለኩባውያኑ ይህ ከክህደት በላይ ነበር፤ ሃያ ዓመት ድምፅ የሰጧቸው ሰዎች ከስፔን ግዛት ስፔናዊ ጭነው መጡ። ማርቲ ጠበቃ ሩበንስን ላከ። ሩበንስ የያዘው መከራከሪያ ገለልተኝነትም አገር ፍቅርም አይደለም፤ የውጭ ሠራተኛን አስቀድሞ በውል ቀጥሮ ማስገባትን የሚከለክለው የ1885 የፌዴራል ሕግ ነው። ክርክሩ በዋሽንግተን ተቀባይነት አገኘ፤ በኪ ዌስት ግን መተማመኑ አልቆ ነበር። ብዙ ሠራተኛ ወደ ታምፓ ተሻገረ፤ ፊጌሬዶም እዚያው።

ዌስት ታምፓ ደግሞ ባዶ መሬት ማለት ይቻላል። ስኮትላንድ ተወላጁ ጠበቃ ሂዩ ማክፋርሌን ከሂልስቦሮ ወንዝ ምዕራብ 200 ኤከር ገዝቶ በ1892 ለፋብሪካዎች መሬትና ሕንፃ እያቀረበ የመሠረታት ናት። መጀመሪያ አልሠራችም፤ ፋብሪካ አለ፣ ሠራተኛው የሚሻገርበት ድልድይ የለም። ድልድዩ ከተሠራ በኋላ ነው ሰው የሰፈረው። በሜይ 1895 ራሷን የቻለች ከተማ ሆና ስትመዘገብ ነዋሪዋ በብዛት ኩባዊ ስለነበር ከንቲባዋ ኩባዊ መሆኑ አያስገርምም። ከኪ ዌስት የሚለያት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ኪ ዌስት ላይ ኩባውያኑ ሚዛን ደፊ ነበሩ፤ እዚህ ሚዛኑ ራሱ የነሱ ሆነ።

ለማዕረግ ብቻ ግን አይደለም። አዲስ ከተማ ማለት መንገድ፣ ፖሊስ፣ የንግድ ፈቃድና የእሳት መከላከያ ማለት ነው፤ አብዛኛው ቤት እንጨት ነው፣ ኪ ዌስት የደረሰባትን ሁሉም ያስታውሳል። ፖሊስ የማን መሆኑ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ደግሞ በዚያው በኪ ዌስቱ አድማ ታይቷል። የስፔን ቆንስላዎችና የቀጠሯቸው የፒንከርተን (የግል መርማሪ ድርጅት) ሰላዮች ስብሰባውን በሚከታተሉበት ዘመን የከተማው አስተዳደር አለመቃወሙ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። ፊጌሬዶ በጦርነቱ ወቅት የፓርቲው ወኪልም በታምፓ ነበር፤ የከተማውን ጉዳይና የክለቦቹን መዋጮ ያው አንድ ሰው ይከታተላል። ከተማዋ በተመዘገበችበት ወር፣ ሜይ 19፣ ማርቲ ኩባ ውስጥ በዶስ ሪዮስ ተገደለ። በጁላይ ቶማስ ኤስትራዳ ፓልማ በእሱ ቦታ የፓርቲው ልዑክ ሆኖ ተመረጠ። ክለቦቹ ያልፈረሱት እንደ ፊጌሬዶና እንደ ፖዮ ያሉ ሰዎች በየከተማው ስለያዟቸው ነው።

ጠርጣሪው፦
የሲጋሩን ነገር ማንም አልነካውምና እኔ ልበል። የተረጋገጠውን ከተወራው ለዩት።

የተረጋገጠው፦ ትእዛዙ በጃንዋሪ 29፣ 1895 ኒው ዮርክ ላይ ተፈረመ። ፈራሚዎቹ ማርቲ፣ ማዪያ ሮድሪጌስና ኤንሪኬ ኮያሶ ናቸው። ፈርናንዲና ከከሸፈ ሁለት ሳምንት ግድም መሆኑን ልብ በሉ። የተላከው ሃቫና ላለው ሁዋን ጓልቤርቶ ጎሜስ ነው። ቁርጥ ቀን አልያዘም፤ ከፌብሩዋሪ ሁለተኛ አጋማሽ እንዳይቀድም ነው የሚያዘው። ፌብሩዋሪ 24ን የመረጡት ሃቫና ያሉት ናቸው፤ እሑድና የካርኒቫል መጀመሪያ ስለነበር ፈረሰኛና ግርግር ማንንም አያስደነግጥም። ምላሹም በንግድ ቋንቋ በቴሌግራም ሄደ፦ ሐዋላው ተቀባይነት አግኝቷል።

የሚወራው፦ ወረቀቱ በፍሎሪዳ ሲያልፍ ዌስት ታምፓ በሚገኘው የኦሃሎራን ፋብሪካ ውስጥ ተጠቅልሎ ሲጋር ሆነ፤ ከእሱ ጋር የሚመሳሰሉ ሌሎችም ተጠቀለሉ፤ ፊጌሬዶም ነገሩን ከሚያውቁት አንዱ ነበር። የታምፓ ሰው ይህን በኩራት ያወራዋል። ሊሆን ይችላል፤ ሲጋር ይዞ ሃቫና የሚገባ ሰው ማን ይፈትሸዋል? ሆኖም የትውፊት ነገር ስለሆነ በሰነድ እንደተረጋገጠ አድርጋችሁ አትጥቀሱት። ማስተላለፊያውን ያሰማመሩት ክለቦች ይበልጥ ትኩረት ይገባቸዋል፤ ሲጋሩ ግን ለወሬ ይመቻል።

ሳንቲም በሳንቲም፦
ጠርጣሪው ካለው ጋር እስማማለሁ። ከድሉ በኋላ የሆነውን ልጨምርና ላብቃ።

ኤስትራዳ ፓልማ ፓርቲውን በዲሴምበር 1898 ፈረሰ ብሎ አወጀ። አሜሪካ ኩባን ይዛ ሳለ ክለቦቹን የሚያስተሳስረው ድርጅት ጠፋ ማለት ነው፤ ለእኔ ከውሳኔዎቹ ሁሉ ከባዱ ስሕተት ይህ ነው። መሪዎቹ ወደ አገር ገቡ። ፊጌሬዶ በሪፐብሊኩ የመገናኛ ኃላፊ፣ ቀጥሎም የአገሪቱ ዋና ገንዘብ ያዥ ሆነ፤ የታሪክ አካዳሚም አባል ነበር፣ በ1929 ሃቫና ላይ ሞተ። ፖዮም ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን መራ። የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢዎች የአገር ግምጃ ቤትና መዝገብ ያዙ፤ ያለ ልምድ አልነበረም።

ታምፓ የቀረው ሠራተኛ ግን መሪ አልባ ሆኖ ከአሜሪካ ደቡብ የዘር መለያ ሕግ ጋር ተፋጠጠ። በ1900 የኩባውያኑ ክለብ በቆዳ ቀለም ተከፈለ፤ ጥቁሮቹ ወጥተው በማርቲና በማሴዮ ስም የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ዌስት ታምፓም እስከ 1925 ራሷን ችላ ቆይታ ወደ ታምፓ ተጠቃለለች።